የምትመላለሰዋን ኳስ በዓይን መከተል ትራውማን ያድናል? ከደብረ ሲና ለጻፈችልኝ እህት

ጥያቄው ይህ ነው፤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት መምህርት ነኝ። የምኖረው ደብረ ሲና ነው፤ ቤተሰቦቼ ደብረ ብርሃን ናቸው። ከስምንት ወር በፊት ከእነሱ ጋር ሰንብቼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ጉም ነበር። መናኸሪያ ሳለን አንዲት እናት ‹ያቅለሸልሸኛል› ስላሉኝ የመስኮቱን ወንበር ለቅቄላቸው ነበር። እሳቸው ሞቱ። እኔ ትከሻዬ ብቻ ነው የተጎዳው። ከዚያ ወዲህ መኪና ተሳፍሬ አላውቅም። ሌሊት እባንናለሁ። የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተኝ ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ቲክቶክ ላይ ግራና ቀኝ የምትመላለስ ኳስ በዓይን ከተከተላችሁ ትራውማ ይለቃችኋል የሚል ቪዲዮ አይቼ ሁለት ሌሊት ሞከርኩት። ባሰብኝ። ወንድሜ ደግሞ አሜሪካ የምትኖር ሐበሻ ባለሙያ ይሄንኑ ሕክምና በኦንላይን ትሰጣለች፣ ልክፈልልሽ ይለኛል። እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ግቢ ትላለች። የዓይኑ ነገር እውነት ነው? በስልክስ ይሆናል?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ከዚያ እናያለን። ሕክምናው የእውነት ሕክምና ነው። በስልክም መስጠት ይቻላል። ግን ከወዲያ ማዶ የሚያይሽ፣ የሚሰማሽ፣ ሲበዛብሽ «በቃ፣ እዚህ ጋ እንቁም» የሚልሽ የሰለጠነ ሰው መኖር አለበት። ሌሊት ለብቻሽ አልጋ ላይ ሆነሽ ኳሷን መከተሉን ግን ተዪው። የባሰብሽ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። ሕክምናው ላንቺ እንደማይሆን ምልክትም አይደለም። ቁስሉን ከፈትሽው፤ የሚያጥበውና የሚያሽገው ሰው ግን አጠገብሽ አልነበረም።

በደብዳቤ ብቻ ሕመም አይለይም። ሆኖም የጻፍሽው ለእኔ እንግዳ አይደለም። መባነኑ፣ ሽታው፣ መኪና መሸሹ፣ ከዚያ ደግሞ ጸጸቱ። እነዚህ ከአንድ ወር አልፈው ሲቆዩና ሰውየውን ከሥራው፣ ከቤተሰቡ ሲያርቁት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ሕመም (ብዙ ሰው ትራውማ የሚለው) ነው ብለን እንጠረጥራለን። አንቺ ስምንት ወር ሆኖሻል። ቤተሰቦችሽ ያሉት በመኪና ከሁለት ሰዓት በታች በሚያስኬድ መንገድ ላይ ሆኖ ስምንት ወር አላየሻቸውም ማለት ነው። ይሄ መታከም ያለበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ዓይኑ ነገር ልምጣ።

ሕክምናው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኢኤምዲአር ይባላል። በአማርኛ ሁላችንም የተስማማንበት ስም የለውም፤ «የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና» የሚሉት አሉ። እኔ ስሙን አልወደውም። ሰው ሲሰማው ዓይን ማመላለሱ ራሱ መድኃኒት ይመስለዋል። ቲክቶክ ላይ ያየሽው ቪዲዮም የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ዓይኑ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። ሌላው ሁሉ ተቆርጦ ዓይኑ ብቻ ሲቀር ሕክምናው ሕክምና መሆኑ ያበቃል።

ነገሩን የጀመረችው ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የስነ ልቦና ባለሙያ ናት። በፈረንጆች 1987 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች ናቸው) አንድ ፓርክ ውስጥ ስትራመድ ሲረብሻት የቆየ ሐሳብ ድንገት ቀለላት። ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ እንደነበርም ልብ አለች። ከዚያ በሌሎች ሰዎች ላይ ሞከረችው፤ በ1989 የመጀመሪያ ጥናቷን አሳተመች። በጊዜው ብዙ የሙያ ባልደረቦቿ አላመኗትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ስማር አላመንኩም ነበር። ጣት እያወዛወዙ ሰው ማዳን? ግን ጥናቱ እየበዛ ሄደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም ከመከራቸው የስነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱ ይሄ ነው፤ ለአዋቂም ለልጅም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም በ2018 ከጦር ሜዳ ውጭ በደረሰ አደጋ ለታመሙ አዋቂዎች እንዲሰጥ አስቀምጦታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ይበቃል ይላል። የአንድ ቀን አንድ አደጋ ከሆነ፣ እንዳንቺ ማለት ነው፣ ከዚያ ያነሰ የሚበቃቸው ሰዎችም አይቻለሁ።

ለምን ይሠራል የሚለው ላይ ግን ባለሙያዎች ተከራክረዋል። በ2001 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ዓይን ማንቀሳቀሱ የጨመረው ነገር የለም፣ የሚያድነው ትዝታውን ደፍሮ ማየቱ ነው አለ። በ2013 የወጣ ሌላ ደግሞ የለም፣ ዓይኑም የራሱ ድርሻ አለው አለ። ለእኔ የሚያሳምነኝ ማብራሪያ እንዲህ ነው። ሽሮ እያማሰልሽ ስልክ ብታወሪ ወይ ሽሮው ያርራል ወይ ወሬው ያመልጥሻል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ትንሽ ነው። ያንን ክፉ ምስል በሐሳብሽ ይዘሽ በዚያው ቅጽበት ዓይንሽ ሌላ ሥራ ሲሠራ ለምስሉ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ምስሉ ይደበዝዛል፤ ይርቃል። ተመልሶ ሲቀመጥ እንደ በፊቱ ስለት የለውም። ስለዚህ ኃይሉ ያለው ኳሷ ላይ ብቻ አይደለም። ጉልበት መታ መታ ማድረግም፣ በግራና በቀኝ ጆሮ እየተፈራረቀ የሚመጣ ድምፅም ለዚሁ ሥራ ይውላሉ።

አንድ ቀጠሮ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። ያኔ ቪዲዮው ምን እንደጎደለው ራስሽ ታዪዋለሽ።

የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አደጋው ጭራሽ አይነካም። ባለሙያው ታሪክሽን ይጠይቃል። የሚጥል በሽታ አለብሽ? የዓይን ሕመምስ? ራስን የመጥላት፣ የመሞት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? አንዳንዴ ከሰውነትሽ ወጥተሽ ራስሽን ከሩቅ የምታዪ ይመስልሻል? መልሱ ሕክምናው በምን ፍጥነት መሄድ እንዳለበት ይወስናል። ከዚያ ስትረበሺ የምትመለሺበት የሰላም ቦታ ታዘጋጃላችሁ። አንዳንዱ የአያቱን ግቢ ይመርጣል፤ አንዳንዷ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ጥላ። ቦታውን በደንብ ለምደሽ፣ ጠርቼው ይመጣል ካላልሽ በስተቀር ጥሩ ባለሙያ ወደ ጣርማበር ይዞሽ አይወርድም።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። ከሁሉ የከፋውን ምስል ትመርጫለሽ። ባለሙያው «ይሄን ምስል ስታዪ ስለ ራስሽ የሚመጣብሽ ቃል ምንድን ነው?» ይልሻል። ያንቺን መገመት አይከብደኝም። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» የሚል ይሆናል። «በእሱ ፈንታ ምን ብለሽ ማመን ትፈልጊ ነበር?» ይልሻል ቀጥሎ። «ወንበሬን የሰጠሁት አዝኜላቸው ነው» ትይ ይሆናል። አሁን ይሄ ቃል ከ1 እስከ 7 ስንት ያህል እውነት ሆኖ ይሰማሻል? መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው 1 ወይ 2 ይላል። ጭንቀቱስ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? የት ጋ ይሰማሻል? ደረት? ጉሮሮ? እሱንም ትነግሪዋለሽ።

ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ዓይንሽ ጣቱን ይከተላል። ይቆማል። ትተነፍሻለሽ። «ምን መጣ?» ይልሻል። የመጣውን ብቻ ትናገሪያለሽ፤ ማብራራት የለብሽም። ደግሞ ይቀጥላል። ባለሙያው ብዙ አያወራም። ምክርም አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በቅርብ ካላዩት ማመን ይከብዳል። የአንድ ሰው ልንገርሽ፤ ፈቅዶልኛል፣ እንዳይታወቅም ዝርዝሩን ለውጫለሁ። እሱም የመኪና አደጋ ነበር የደረሰበት። መጀመሪያ የሚያየው ተገልብጦ የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ጎማው። በሦስተኛው ቀጠሮ ዓይኑ እየተመላለሰ ሳለ ፊቱ ተለወጠ። «ልጅ ነበረ» አለኝ። «የምን ልጅ?» አላልኩትም። «እሺ፣ እሱን ይዘህ ቀጥል» አልኩት። አንድ እረኛ ልጅ ባናውን ከላዩ አውልቆ አልብሶት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል። ትዝታው ጎማው ላይ ተቸንክሮ ስለቀረ ልጁ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። የዚያን ቀን አለቀሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ጎማውን ሲያስበው ከ10 ወደ 3 ወርዶ ነበር።

እዚህ ላይ ዓይኑ ሥራ ሠርቷል። ግን አስቢው፤ ልጁ ባይመጣና ከጎማው የባሰ ምስል ቢመጣስ? ይመጣልም። እንዲህ ሲሆን ፊትሽን የሚያየው ሰው ትንፋሽሽ መቆራረጡን፣ ዓይንሽ መፍዘዙን አይቶ ያስቆምሻል፤ ወደ ሰላም ቦታሽ ይመልስሻል። ቀጠሮው ሲያልቅ ደግሞ ሳያረጋጋሽ አይሸኝሽም። የቲክቶኳ ኳስ ይሄን አታውቅም። አንቺ እያለቀስሽም እሷ ትመላለሳለች።

እሺ፣ ኦንላይኑስ?

ከኮቪድ በኋላ በብዙ አገር ባለሙያዎች ይሄን ሕክምና በቪዲዮ መስጠት ጀምረዋል። በአካል ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ጥናቱ ገና ትንሽ ነው፤ እስካሁን የወጣው ግን ተስፋ ሰጪ ነው። እኔም ደብረ ብርሃን ተቀምጬ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ካሉ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። ይሠራል። ግን አሜሪካ ላለ ሰው የተጻፈው መመሪያ ደብረ ሲና ላለ ሰው እንዳለ አይሆንም። ከልምዴ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስክሪኑ። ብዙዎቻችን ያለን ስልክ እንጂ ላፕቶፕ አይደለም። ስልክ ላይ ኳሷ ከዳር እስከ ዳር ብትሄድ ያው ጥቂት ጣት ነው፤ ዓይንሽ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለውን ኳስ እርሺው። አንዲት ታካሚዬ ጋ ያደረግነው እንዲህ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችው። ከፊት ለፊቷ ግድግዳ ላይ በግራ በኩል ካላንደር ተሰቅሏል፤ በቀኝ በኩል የበሩ መቃን አለ። «ካላንደር፣ መቃን፣ ካላንደር፣ መቃን» እያልን ዓይኗን አመላለሰች፤ ጭንቅላቷ ሳይዞር ዓይኗ ብቻ። ፍጥነቱን እኔ በእጄ ጠረጴዛ እየመታሁ ሰጠኋት። በትክክል ሠራ። ዓይን ሲደክም ደግሞ ሁለት ክንድ ደረት ላይ አጣምሮ ትከሻን በግራ በቀኝ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ አለ፤ የቢራቢሮ እቅፍ ይሉታል። የተጀመረው ሜክሲኮ ውስጥ አካፑልኮን አውሎ ነፋስ ከመታት በኋላ፣ በ1998፣ ከአደጋው ከተረፉ ሰዎች ጋር ነው። ጥሩ መሣሪያ የሌለው ሰው የሚሠራበት ነገር ነው። ለእኛ ተስማሚ ነው።

ሁለተኛው ኔትወርክ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ጋ እየሠራን ከታሪኩ ሁሉ የከፋው ቦታ ላይ ደርሰን ነበር። ቪዲዮው ቀጥ አለ። ስልኳ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። የያዝኩት ቁጥር እሱ ብቻ ነበር። የጎረቤት የለኝ፣ የልጇ የለኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ምን ላይ እንዳለች ሳላውቅ ቁጭ አልኩ። በኋላ ራሷ ደወለች። መሬት ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ይዛ ቆይታ ነበር። «ሰው ትቶኝ የሄደ መሰለኝ» አለችኝ። የእሷ ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሰው ጥሏት መሄዱ ነበር። ያቺን ቀን አልረሳትም። ከዚያ በኋላ ሦስት ስልክ ቁጥር ሳልይዝ ሥራ ጀምሬ አላውቅም፦ የራሷ፣ አብሯት ያለ ሰው፣ ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ። ኔትወርክ ከተቋረጠ ምን እንደምታደርግም አስቀድመን እንለማመዳለን። ዓይን ማመላለሱ ወዲያው ይቆማል። እግር መሬት ላይ ይቀመጣል። አምስት የምታያቸውን ነገሮች ጮክ ብላ ትጠራለች። እኔ በተራ ስልክ እደውላለሁ፤ በኢንተርኔት አይደለም። በተከታታይ ቀናት ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ዝግጅቱን ብቻ እንሠራለን እንጂ ትዝታውን አንነካም።

ሦስተኛው ቤቱ ራሱ። ግቢው የጋራ ነው፣ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ጎረቤት ቡና ጠጡ ብሎ በር ያንኳኳል። ሰው ይሰማኛል ብለሽ ድምፅሽን ዝቅ እያደረግሽ የምትሠሪው ሕክምና ግማሽ ነው። ኢርፎን ያዢ። ከትምህርት በኋላ ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍል ካለ ጠይቂ። ከቀጠሮው በኋላ አንድ ሰዓት የሚሆን ጊዜ ክፍት ተዪ፤ ቀጥታ ወደ ክፍል ገብተሽ አታስተምሪ። የዚያን ቀን ሌሊት ቅዠት ሊበዛ ይችላል፤ ሊመጣ የሚችል ነገር ስለሆነ አትደንግጪ። የምታምኛት ጓደኛ አብራሽ ብታድር ጥሩ ነው።

አሜሪካ ያለችውን ባለሙያ በተመለከተ ወንድምሽ ከመክፈሉ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ይሄን ሕክምና የት ሠለጠነች? ማን ይቆጣጠራታል? የሥራ ፈቃዷ ኢትዮጵያ ያለ ሰው እንድታክም ይፈቅድላታል? ጥሩ ባለሙያ ይሄን ጥያቄ አትቀየምም፤ እንደውም ትወደዋለች። በመጀመሪያው ቀን «በአንድ ቀጠሮ ከትራውማ አላቅቅሻለሁ» ካለችሽ ወይም ታሪክሽን ሳትጠይቅ ቀጥታ ወደ አደጋው ከገባች ስልኩን ዝጊው። ዋጋውን በቀጠሮ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ጠይቁ፤ በመሐል ገንዘብ አልቆ ሥራው ክፍት መቅረቱ በጣም ይጎዳል። ሰዓቱንም በሀበሻ ነው በፈረንጅ ብላችሁ አጥሩ። ዋሽንግተንና እኛ መካከል ያለው ልዩነት በእነሱ በጋ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። በሌሊት ቀጠሮ አትያዢ። ደክሞሽ፣ ቤቱ ጨልሞ፣ ለብቻሽ ሆነሽ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በአማርኛ መሠራቱ ግን ትልቅ ነገር ነው። «ያቅለሸልሸኛል» የሚለው ቃል ያቺን እናት ይዞልሽ ይመጣል። በሌላ ቋንቋ ቢተረጎም አይመጣም።

ስለ ጭንቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። የዚህ ሕክምና ማስረጃ ጠንካራ የሚሆነው ጭንቀቱ ከአንድ ከታወቀ ክፉ ክስተት ሲነሳ ነው። ምንም ሳይደርስበት ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ሁሉም ነገር ለሚጨነቅ ሰው ማስረጃው ቀጭን ነው። ለእሱ አስተሳሰብንና ድርጊትን ቀስ በቀስ የሚለውጠው የንግግር ሕክምና ይቀድማል። ደግሞ የልብ ምት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የክብደት መቀነስ አብሮ ካለ ደም ተመርመሩ። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲበዛ ልክ እንደ ጭንቀት ይመስላል። አንቺም ብትመረመሪ ክፋት የለውም።

ፋርማሲ ሄደሽ ዳያዜፓም ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ለአንድ ሌሊት ያስተኛሻል፤ ለዚህ ሕመም ግን አይመከርም፣ ሱስም ያስይዛል። ሐኪም የሚያዛቸው እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ሌላ ናቸው፤ ለብዙ ሰው ይረዳሉ፣ ከንግግር ሕክምናውም ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ኦንላይኑ ካልተሳካስ? ኢኤምዲአር የሠለጠነ ሰው በየወረዳው አታገኚም። ግን ይሄ ብቸኛው መንገድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ ጋር ጎን ለጎን የሚመክረው ትራውማ ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምና አለ። እሱም ታሪኩን ደህና በሆነ ቦታ እየደጋገሙ መናገርና የሸሹትን ነገር በደረጃ መልመድ ነው። አካባቢሽ ያለው ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው መኖራቸውንም አያውቅም። ካልሆነ ደብረ ብርሃን ያለው ትልቁ ሆስፒታል ይሻላል። እዚያ ለመድረስ ግን መኪና ያስፈልጋል፤ ያንቺ ችግር ደግሞ እሱው ነው። ለዚህ ነው በኦንላይን መጀመሩን የምደግፈው።

የእናትሽን ነገር አልዘለልኩትም። ጸበሉን አትከልክያት። ጸሎት፣ ዱዓ፣ የሰዎች አብሮነት የተረበሸ ሰውን እንደሚያሳርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ለጸበል ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ። ሁለተኛ፣ ማንም «ይሄ መንፈስ ነው፣ ኃጢአትሽ ነው» ቢልሽ አትቀበዪ። አንቺ ላይ ያለው ጸጸት ራሱ ይበቃል። ደግሞም ሸንኮራ ሩቅ ነው። አሁን በግድ መኪና ላይ ጭነው ከሚወስዱሽ ቅርብ ባለው ጸበል በእግርሽ ብትሄጂ ይሻላል። ለእናትሽ ይሄን አንብቢላት።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ ምን ታደርጊ? ሌሊት ስትባንኚ መብራት አብሪ። እግርሽን ቀዝቃዛው መሬት ላይ አስቀምጪ። «አሁን ደብረ ሲና ነኝ፤ ቤቴ ነኝ፤ አደጋው አልፏል» በይ፤ ቀኑንም ጨምሪበት። ትንፋሽሽን ስታስወጪ ከምታስገቢው ይርዘም። የቢራቢሮውን እቅፍ ማድረግ ትችያለሽ፤ ግን ቀስ ብለሽ፣ የሰላም ቦታሽን እያሰብሽ ብቻ። ጣርማበርን እያሰብሽ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

መኪናውንም በደረጃ ነው የምትቀርቢው፤ ከተቻለ ከባለሙያው ጋር ተማክረሽ። አንድ ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ቆሎ ከሚሸጡት ልጆች ጋር ቆመሽ መኪና ሲገባ ሲወጣ ማየት ብቻ። የፍሬን ሽታ ይመጣል፤ ልብሽ ይመታል፤ ግን ሳትሄጂ እስኪቀንስ ትጠብቂያለሽ። በሚቀጥለው የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ገብተሽ መቀመጥ። ከዚያ ከወንድምሽ ጋር ወደ አርማኒያ፣ ጣርማበር ወደሌለበት አቅጣጫ። ዳገቱ የመጨረሻው ነው። ወንድምሽ ሊያስቸኩልሽ ይችላል፣ ስለሚወድሽ። አትቸኩዪ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። «በእሳቸው ፈንታ እኔ በሞትኩ» የሚለው ሐሳብ ከጸጸት አልፎ ራስን ወደ መጉዳት ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ ብቻሽንም አትሁኚ። ለወንድምሽ ንገሪው።

ስለ እኚያ እናት ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ ብዬ አሰብኩ። ጥፋትሽ አይደለም ብልሽ ስምንት ወር ሙሉ ሰዎች ብለውሻል፤ አልገባልሽም። ስለዚህ አልልሽም። ሕክምናው ውስጥ ራስሽ ትደርሺበታለሽ። ከቤተሰባቸው የምታውቂው ሰው ካለ ግን አንድ ቀን፣ ጉልበት ስታገኚ፣ የመጨረሻዋን ሰዓት ከማን ጋር እንዳሳለፉ ብትነግሪያቸው ደስ ይላቸው ይመስለኛል። ያቅለሸለሻቸው ሰዓት ወንበሯን የለቀቀችላቸው ልጅ አጠገባቸው ነበረች።

ባለሙያዋን ካገኘሻት በኋላ ሦስቱን ቁጥሮች መጀመሪያ እሷ ጠየቀችሽ ወይስ አንቺ ነገርሻት፣ እሱን ጻፊልኝ። ያልጠየቀችሽ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ልንገርሽ የምፈልገው ነገር ይኖራል።